112 ኪሎ ሜትር ለሁለት፦ አቅማቸው የተለያየ ጓደኛሞች የእሁድ ጉዞ

ሁለት የልብ ጓደኛሞች እሁድ ማለዳ በመንገድ ብስክሌት 112 ኪሎ ሜትር ሊነዱ ተነሱ። የወደቀ አልነበረም፣ የተሰበረ ዕቃም አልነበረም፤ ሁለቱም በደህና ቤታቸው ገቡ። ይሁንና 84ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከሁለቱ አንዱ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ፣ ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ የጄል (ለነጂ ጉልበት የሚሆን ጣፋጭ ምግብ) ከረጢት መቅደድ አቅቶት ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ሰዓታት የተሠሩት ስህተቶች ለየብቻ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከቅን ሐሳብ የመጡ ናቸው። ጉዳዩ በዝርዝር መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው፤ አብሮ የሚነዳ ጥንድ ሁሉ ሳያስበው ሊገባበት ይችላል።

ዋናው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ አቅማቸው የማይመጣጠን ሁለት ሰዎች አብረው መዋል የሚችሉት እኩል ሲፈጥኑ ሳይሆን እኩል ሲደክሙ ነው። ይህ ሲጣስ ምን እንደሚመጣ፣ ሲከበርም ምን እንደሚገኝ ይህ አንድ ጉዞ ሁለቱንም አሳይቷል።

ሰዎቹና መንገዱ

አንደኛውን ነባሩ፣ ሌላውን አዲሱ እንበላቸው። ነባሩ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ ለዓመታት ነድቷል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ሊያወጣው የሚችለው ከፍተኛ ኃይል 270 ዋት ነው። አዲሱ 84 ኪሎ ነው፤ መንዳት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የሰዓት አቅሙ 225 ዋት ነው። ብስክሌት፣ ውኃና መሣሪያ ሲጨመር ነባሩ 82፣ አዲሱ 96 ኪሎ ይሆናሉ። የሁለቱም የፊት ማርሽ 50 እና 34 ጥርስ ነው። ከኋላ ግን የነባሩ ትልቁ ጥርስ 32፣ የአዲሱ 28 ነው፤ ማለትም ቀላል ማርሽ ያስፈልገው የነበረው ሰው ከበድ ያለውን ይዞ ወጥቷል። ጎማቸው ሁለቱም ጋ 25 ሚሊ ሜትር ነው። የነባሩ ቸርኬ 50 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው፤ የአዲሱ 24 ብቻ። ይህች የመጨረሻዋ ልዩነት ኋላ ላይ ጣጣ አመጣች።

መንገዱ ዞሮ የሚገጥም ነው፦ 38 ኪሎ ሜትር ሜዳ፣ 8 ኪሎ ሜትር ዳገት ሳይቆራረጥ በ6 በመቶ፣ 16 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወጣ ገባ የሚል፣ 10 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት፣ መጨረሻ ላይ 40 ኪሎ ሜትር የመመለሻ ሜዳ። የአየር ትንበያው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ነፋስ ብሏል። የትንበያ ነፋስ የሚለካው ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ብስክሌተኛው የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ነው፤ እዚህ 15 ተብሎ ተወስዷል። በመሄጃው ሜዳ ከጀርባ ይገፋል፤ በመመለሻው ፊት ለፊት ይመጣል።

ከታች የሚመጡት የዋት ቁጥሮች ከክብደት፣ ከተዳፋትና ከነፋስ የተሰሉ ናቸው። ነጂው ከነብስክሌቱ ለአየር የሚሰጠው የመጎተት ስፋት 0.35 ካሬ ሜትር፣ የጎማ መንከባለል ሰበቃ 0.005፣ በሰንሰለት የሚባክነው 3 በመቶ ተብሎ ተይዟል። የሌላ ሰው ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ዝምድና ግን ብዙም አይለወጥም።

የኋላ ነፋስ ያሳሳተው

የመጀመሪያዎቹ 38 ኪሎ ሜትሮች በ65 ደቂቃ አለቁ፤ በአማካይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር። አዲሱ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። ነፋሱ ከጀርባ ስለሚገፋ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የጠየቀው 120 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ሜዳ 120 ዋት 27 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ኃይሉ አልነበረም የጎዳው፤ ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነበር።

አንደኛ፣ በበቂ አልጠጣም፤ ምንም አልበላም። ሰው የሚጠጣው ሲደክመው ነው፤ እዚህ ድካም አልነበረም። ነገር ግን ነፋስ ከጀርባ ሲሆን ሰውነት ላይ የሚያልፈው አየር ዝግ ይላል፤ ላብም እንደ ሌላው ጊዜ ቶሎ አይደርቅም። በሰዓት 36 እየነዳ ፊቱ ላይ የሚሰማው አየር 21 ብቻ ነው። ሰውየው ከሚያስበው በላይ እየላበ ነበር። ከ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙሱ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ጠጥቶ ዳገቱ ሥር ደረሰ።

ሁለተኛ፣ ጎን ለጎን ሲነዱ የነባሩ የፊት ጎማ ዘወትር ከአዲሱ አንድ ስንዝር ቀድሞ ይገኝ ነበር። አዲሱ ሊስተካከል ትንሽ ይጨምራል፤ ነባሩም የጓደኛው ጎማ ሲጠጋ ሳያውቀው ይጨምራል። ፍጥነቱ ከ31 ተነስቶ 38 የገባው በዚህ ነው። አንዳቸውም ይህን አልፈለጉም። በቡድን የሚነዱ ሰዎች ይህን ልማድ አጥብቀው የሚጠሉት ወንጀል ስለሆነ አይደለም፤ ማንም ሳይወስን ፍጥነትን ስለሚወስን ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ጠንካራው መሪውን ከጓደኛው መሪ በአንድ ጣት ወደኋላ ያድርግ፤ ጓደኛው ሲቀንስ አብሮ ይቀንስ። ፍጥነቱን የሚሰጠው ደካማው ነው።

እዚህ ላይ ነባሩ ሁለት ጊዜ «ደህና ነህ?» ብሎ ጠይቋል። መልሱ ሁለቴም «ደህና ነኝ፣ ቀጥል» ነበር። ይህ ጥያቄ ለብስክሌት ጉዞ አይረባም፤ ይሉኝታ አስቀድሞ መልሱን ያዘጋጀለታል። የሚረባው መልሱ ሊታይ የሚችል ጥያቄ ነው፦ «ጠርሙስህ ውስጥ ስንት ቀረ?»፣ «ከተነሳን ምን በላህ?» ወይም ረዘም ያለ መልስ የሚፈልግ ማንኛውም ወሬ። ሰውየው በሦስት ቃል ከመለሰ በኋላ ትንፋሽ ከሳበ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ልክ ላይ ነው።

ዳገቱ

የጉዞው ዕጣ የተወሰነው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ነባሩ ዳገቱን በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ያዘው። ለእርሱ ይህ 222 ዋት ነው፤ ከሰዓት አቅሙ 82 በመቶ። ምቹ ነው፤ ማውራት ይቻላል። ስለ ጓደኛው አስቦ ከወትሮው ቀንሶ እንደሚነዳም ያምን ነበር፤ እውነትም ቀንሷል። ለአዲሱ ግን ያው 14 ኪሎ ሜትር 258 ዋት ይፈልጋል፤ ከአቅሙ 115 በመቶ። ልብ በሉ፦ ነባሩ ባወጣው በዚያው 222 ዋት ላይ አዲሱ ቢነዳ የሚያገኘው ፍጥነት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዳገት ላይ ነፋስ የለም ማለት ይቻላል፤ በ14 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አየር የሚወስደው 12 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ከጓደኛ ኋላ ተከልሎ መውጣት የሚያተርፈው ነገር የለም። ክብደት ብቻ ነው የሚናገረው።

አዲሱ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከጓደኛው ጋር ዘለቀ። 11 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ሰው የሚችለውም ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ከዚያ እግሩ እንደ እርሳስ ከበደ፤ ፍጥነቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ወረደ፤ የቀረውን 5.5 ኪሎ ሜትር በ33 ደቂቃ ጨረሰ። ጠቅላላው 44 ደቂቃ።

ከሥር ጀምሮ በእርጋታ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ቢወጣስ? 8 ኪሎ ሜትር በ11 ሲካፈል ያው 44 ደቂቃ ነው። የሚጠይቀው ኃይል 199 ዋት፣ ከአቅሙ 88 በመቶ። ሰዓቱ እኩል፣ ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው። ከአቅም በላይ የተነዱት 11 ደቂቃዎች የተቃጠሉት ከሞላ ጎደል በስኳር ብቻ ነው፤ ሰውነት በዚያ ደረጃ ስብን ለማቃጠል ጊዜ አያገኝም። በዚህ አካሄድ ከጡንቻ የወጣው ስኳር ከሁለት ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ተፈልጎ ታጣ።

ማርሹም ተጨመረበት። 34 ጥርስ ከፊት፣ 28 ከኋላ ሲሆን ፔዳል አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 2.56 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይህ በደቂቃ 65 ዙር ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ዙር በጉልበት የሚገፋ፣ ጭኑን የሚበላ። ከኋላ 34 ጥርስ ቢኖረው ኖሮ በዚያው ፍጥነት 79 ዙር ያዞር ነበር፤ ጫናው ከጡንቻ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሸጋገር ነበር። ልብ ቶሎ ያገግማል፤ የዛለ ጭን ግን በዚያው ቀን አያገግምም። «ቀላል ማርሽ የደካማ ነው» የሚለውን አነጋገር የሚያምን ሰው ይህን ስሌት አንድ ጊዜ ቢሠራው ይበቃዋል።

ትክክለኛው አወጣጥ ምን ነበር? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ ዳገቱ ሥር ተለያይቶ ጫፍ ላይ መገናኘት፤ እያንዳንዱ በራሱ ልክ ይወጣል፤ ነባሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ላቡን ጠርጎ፣ ጃኬቱን ደርቦ ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ አዲሱ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን መስጠት፤ ነባሩ ከኋላው ወይም ከጎኑ ግማሽ ብስክሌት ወደኋላ ብሎ መከተል። ለጓደኛሞች ሁለተኛው ይሻላል፤ አብሮ መውጣት የመጡበት ነገር ነውና። ሁለቱም መንገዶች የሚሠሩት ግን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ከተነጋገሩ ብቻ ነው። መሃል ላይ ሲሆን አዲሱ «ቀንስልኝ» ለማለት ያፍራል፤ ነባሩም ጀርባውን አያይም።

ከፍታውና ቁልቁለቱ

ከፍታ ላይ ያለው 16 ኪሎ ሜትር በ37 ደቂቃ አለፈ። አዲሱ አንድ ሙዝ በላ፤ ከጉዞው መጀመሪያ አንሥቶ የመጀመሪያ ምግቡ፣ 27 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት። ስለዚህ ክፍል ሌላ የሚባል የለም፤ አየሩ ጥሩ፣ መንገዱ ባዶ፣ ወሬያቸውም የተመለሰበት ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ አዲሱ በፍርሃት ሁለቱንም ፍሬኖች ከላይ እስከ ታች ሳይለቅ ያዘ። ብዙ ሰው ቀስ ብሎ መውረድ ፍሬንን ያድናል ብሎ ያስባል። ስሌቱ ተቃራኒውን ይናገራል። 96 ኪሎ በ4.8 በመቶ ቁልቁለት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወርድ፣ የመሬት ስበት ከሚሰጠው 500 ዋት ውስጥ አየሩ 290 ገደማ ይበላል፣ ጎማው 50፤ ለፍሬን የሚቀረው 160 ዋት ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ሲወርድ አየሩ የሚበላው 70 ብቻ ስለሆነ ለፍሬን 210 ዋት ይተርፋል፤ ያውም ለ15 ሳይሆን ለ24 ደቂቃ። ጠቅላላው ሙቀት እጥፍ ይሆናል። አየር ነፃ ፍሬን ነው፤ ደረትን ቀና ማድረግ ብቻውን ብዙ ያግዛል። ቀጥ ባለው መንገድ ፍሬኑን መልቀቅ፣ ከጥምዝ በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ ማብረድ፣ ጥምዙ ውስጥ ሲገቡ ለቆ ማለፍ ነው የሚሻለው። ይህ ቸርኬውን፣ ዲስኩንና የነጂውን እጅ ያሳርፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢያንስ የሁለት ሰከንድ፣ ማለትም 22 ሜትር ይሁን። ሜዳ ላይ የሚያምረው መጠጋጋት ቁልቁለት ላይ ቦታ የለውም።

የማይገባው የውስጥ ጎማ

ከቁልቁለቱ ግርጌ የነባሩ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ከኮርቻው ሥር ካለው ቦርሳ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ አወጣ፤ ቢነፋው አይይዝም። ለወራት ከመፍቻ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ሲፋተግ ከርሞ እጥፋቱ ላይ ተበስቷል። ይህ በጣም የተለመደ ነገር ነው። መለዋወጫው በአሮጌ ካልሲ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ በየጥቂት ወሩም ተነፍቶ ይታይ።

አዲሱ የራሱን ሰጠው። እርሱ ደግሞ የቫልቩ፣ ማለትም አየር የሚሞላበት ቀጭን አፍ፣ ርዝመት 42 ሚሊ ሜትር ነው። የነባሩ ቸርኬ 50 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ስላለው ቫልቩ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ፤ ፓምፕ የሚይዝበት ጫፍ አልወጣም። ረጅም ቫልቭ በአጭር ቸርኬ ላይ ይሠራል፤ አጭር ቫልቭ በጥልቅ ቸርኬ ላይ አይሠራም። ሁለት ሰው አብሮ ሲነዳ «የአንዱ ዕቃ ለሌላውም ይሆናል» ከማለት በፊት አራት ነገር ይመሳከር፦ የቫልቭ ርዝመት፣ የጎማ ስፋት፣ ሰንሰለቱ የተሠራለት የኋላ ማርሽ ብዛት (የባለ 11 ማርሽ ሰንሰለት ማገናኛ ለባለ 12 አይሆንም)፣ የፓምፑ አፍ የሚይዘው የቫልቭ ዓይነት።

የቀረው መንገድ መለጠፍ ነበር። ነባሩ ጎማውን የገጠመው በሙያ ስለነበር ነገሩ ቀለለ፦ የውጭ ጎማው ላይ ያለው የአምራቹ ስም ከቫልቩ ትይዩ ነበር። የውስጡን ጎማ ነፍተው ቀዳዳውን በጆሮና በከንፈር አገኙት፤ ከቫልቩ ሁለት ስንዝር ላይ። ከውጭው ጎማም ከስሙ ሁለት ስንዝር ለክተው ያንኑ ቦታ ወደ ውስጥ ገልብጠው አዩ። ከውጭ ሲታይ ምንም የለም፤ ጎማው ሲታጠፍ ግን ከውስጥ በኩል 4 ሚሊ ሜትር የምታህል ቀጭን ሽቦ ብቅ አለች፤ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ መንገድ ላይ ከሚበትነው ዓይነት። እርሷን ሳያወጡ ቢገጥሙት ኖሮ ከጥቂት መቶ ሜትር በኋላ እንደገና ይተነፍስ ነበር። ቦታውን በባዶ ጣት መፈለግ እጅን ያስቆርጣል፤ ጨርቅ ሲሳብበት ሽቦው ክሩን ይይዘዋል።

አለጣጠፉ ላይ ሰው የሚቸኩልበት አንድ ቦታ አለ። ቀዳዳው ዙሪያ ከልጣፊው ሰፋ ተደርጎ በአሸዋ ወረቀት ይፈተጋል፤ የጎማው መጋጠሚያ መስመር ካለም እስኪጠፋ ድረስ። ማስቲሹ በስሱ ይቀባል። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ማብረቁ ጠፍቶ ደብዘዝ እስኪል። እርጥቡ ላይ የተለጠፈ ልጣፊ ይንሸራተታል፤ አየሩም በጠርዙ ያመልጣል። ደርቆ ሲለጠፍ ግን ከጎማው ጋር አንድ ይሆናል። በአውራ ጣት ከመሃል ወደ ዳር ለአንድ ደቂቃ ይጫናል። ከዚያ ጎማው ሲገጠም የመጨረሻው ጠርዝ የሚገባው ቫልቩ ጋ ይሁን፤ ቫልቩ ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ጎማው ከሥሩ አለመቆንጠጡ ይረጋገጥ። በትንሽ የእጅ ፓምፕ ለመንዳት የሚበቃ ግፊት ለመሙላት ከ150 በላይ ምት ያስፈልጋል፤ አንድ እጅ ፓምፑንና ቸርኬውን አንድ ላይ ጨብጦ ካልያዘ ቀጭኑ ቫልቭ ይሰበራል።

ይህ ሁሉ 25 ደቂቃ ፈጀ። አዲሱ በዚያ ጊዜ ጎማ ያዘ፣ ፓምፕ ተቀበለ፣ ጓደኛውን አገለገለ፤ በኪሱ ያሉትን ሁለት ጄሎች ግን አልነካም። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሥራው መብላት ነው። ሰው ቆሞ ሲሆን ሆዱ ከእንቅስቃሴ ጊዜ ይልቅ በደንብ ይቀበላል፤ 25 ደቂቃም ለ30 ግራም ስኳር ወደ ደም ለመግባት ይበቃል። ያመለጣቸው ትልቁ ዕድል ይህ ነው።

እኩል ተራ እኩል አይደለም

በመመለሻው ሜዳ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ጓደኛሞቹ እንደ ፍትሕ የታያቸውን አደረጉ፦ ሁለት ደቂቃ አንተ፣ ሁለት ደቂቃ እኔ። ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር።

ለአዲሱ ይህ ከፊት ሲሆን 278 ዋት ነው፤ ከአቅሙ 124 በመቶ። ከኋላ ሆኖ ሲያርፍ እንኳ 206 ዋት ነው፤ 92 በመቶ። ማረፍ የተባለው ዕረፍት አልነበረም። 12 ኪሎ ሜትር ዘለቀ። ከሦስት ሰዓት በላይ ሲነዳ በፔዳሉ ላይ ያፈሰሰው ሥራ 1,800 ኪሎ ጁል ገደማ ደርሷል፤ የሰው አካል ከሚበላው ጉልበት ሩብ የሚሆነውን ብቻ ወደ ፔዳል ስለሚያደርስ ይህ በግምት 1,800 ኪሎ ካሎሪ ማቃጠል ነው። ጡንቻና ጉበት የሚያከማቹት ስኳር በጥሩ ቀን ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ነው፤ የበላው ደግሞ አንድ ሙዝ።

ጉልበት ሲከዳ ምልክቱ ከእግር አይጀምርም። መጀመሪያ አዲሱ ዝም አለ። ከዚያ ከጓደኛው ጎማ በኋላ ያለው ክፍተት አንዴ ሦስት ሜትር፣ አንዴ ግማሽ ሜትር መሆን ጀመረ። ጉድጓድ በእጅ ሲጠቆምለት ዘግይቶ አየ። ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለው፤ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። በዚህ ደረጃ ትልቁ አደጋ ድካሙ አይደለም፤ ውሳኔ የሚሰጠው አእምሮ ራሱ ስኳር ማጣቱ ነው። ተጠግቶ መንዳት ወዲያው መቆም አለበት፤ ጎማ ለጎማ የሚነካካው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው፤ የሚወድቀውም ብዙውን ጊዜ የኋለኛው ነው። ነባሩ ዝምታውን አውቆ ማቆሙ የዚህ ጉዞ ትልቁ በጎ ሥራ ነው።

84ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የተደረገው እነሆ። ከመንገዱ ርቀው ተቀመጡ። ነባሩ ከረጢቱን ቀዶ ሰጠው፤ ሁለት ጄል፣ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከግማሽ ጠርሙስ ውኃ ጋር ቀስ ተብሎ። ጄል ያለ ውኃ ሆድ ውስጥ ተከማችቶ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ነባሩ የራሱን ጃኬት ደረበለት፤ የላበ ሰው ነፋስ ላይ ቁጭ ሲል በፍጥነት ይበርደዋል። 15 ደቂቃ ቆዩ። አዲሱ ከአምስት ደቂቃ በኋላ «አሁን ተሽሎኛል፣ እንሂድ» ብሎ ነበር፤ ነባሩ «ቁጭ በል» አለው። ልክ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሰማው መሻል በአብዛኛው የመቀመጥ ነው፤ ስኳሩ ገና መንገድ ላይ ነው።

የመጨረሻው 28

እዚህ ስምምነቱ ተለወጠ። ተራ የለም፤ ነባሩ እስከ መጨረሻው ነፋሱን ይይዛል። ፍጥነቱ 24 ኪሎ ሜትር። በዚህ ፍጥነት ነባሩ ከፊት ሆኖ 197 ዋት ያወጣል፤ ከአቅሙ 73 በመቶ። አዲሱ ከኋላ ተከልሎ 151 ዋት፤ 67 በመቶ። ከጉዞው መጀመሪያ ጀምሮ ሁለቱ የተቀራረበ ድካም የደከሙበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው። 28 ወደ 24 ማውረድ ትንሽ ይመስላል፤ የፊት ነፋስ ላይ ግን የፊተኛው ከተሸከመው ከሩብ ትንሽ የሚበልጠውን ያነሳለታል።

አካሄዱም ተስተካከለ። አዲሱ አእምሮው እስኪረጋ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሁለት ሜትር ርቆ ነዳ፤ ኋላ ወደ አንድ ሜትር ተጠጋ። ዓይኑን ከጎማው አንሥቶ ወደ ጓደኛው ወገብና ትከሻ ላይ አደረገ፤ ጎማ ላይ ያፈጠጠ ሰው የሚመጣውን አያይም። ነባሩ በበኩሉ ፔዳሉን ማዞር አላቋረጠም፣ ድንገት ፍሬን አልያዘም፣ ከኮርቻው ድንገት አልተነሳም። ሰው ከኮርቻ ሲነሳ ብስክሌቱ ለቅጽበት ወደኋላ ይመለሳል፤ ከኋላ ላለው ይህ እንደ ፍሬን ነው። መነሳት ካስፈለገ ፔዳሉን እየገፉ መነሳት፣ ከዚያ በፊትም «ልነሳ ነው» ማለት ያስፈልጋል። ነፋሱ ወደ ጎን ሲዞር አዲሱ ከኋላ ቀጥ ብሎ መከተሉን ትቶ ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጎን ትንሽ ወጣ አለ፤ መከለያው የሚያርፈው እዚያ ነውና። ጎማውን ግን ከጓደኛው ጎማ ጎን አላስገባም።

በየ20 ደቂቃው ነባሩ እጁን ወደኋላ ዘርግቶ «ብላ» ይላል፤ አዲሱ 20 ግራም ያህል ይወስዳል። በሰዓት 60 ግራም፤ ከመነሻው ጀምሮ መሆን የነበረበት መጠን ይኸው ነው። 28ቱ ኪሎ ሜትር በ70 ደቂቃ አለቀ። የመጨረሻዎቹ 5 ላይ አዲሱ «ትንሽ ልያዝልህ» ብሎ ከፊት ወጣ፤ ነባሩም ፍጥነቱ 22 ሲሆን ምንም ሳይል ከኋላው ገባ። ከዚህ ሙሉ ጉዞ በጣም የሚያምረው ክፍል ይህ ነው፤ በፍጥነት ከሁሉ ያነሰው የሜዳ ክፍልም ይኸው ነው።

ለሚቀጥለው ጉዞ የተለወጠው

ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ለውጡ በዚያው ሳምንት ተደረገ። ነባሩ ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ መያዝ ጀመረ፤ ሁለቱም ቫልቫቸው 80 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱንም ቸርኬ የሚያገለግሉ። የአዲሱ አንድ ጠርሙስ በየ750 ሚሊ ሊትሩ 45 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው ይሟሟበታል፤ ሌላው ንጹሕ ውኃ ነው። ብስክሌታቸው ላይ ያለው የሁለቱም መለኪያ መሣሪያ መብላትን ለማስታወስ በየ20 ደቂቃው ይጮኻል። ዳገት ላይ አዲሱ ከፊት ይወጣል። የፊት ነፋስ ላይ ነባሩ 6 ደቂቃ፣ አዲሱ 1 ደቂቃ ይይዛሉ፤ ፍጥነቱም የሚለካው አዲሱ ከፊት ሲሆን ሊይዘው በሚችለው ልክ ነው። ጠንካራው ጥንካሬውን የሚያሳየው በጊዜ ርዝመት ነው፤ ተራው ሲደርስ ፍጥነት አይጨምርም። ሲለቅም ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ወጥቶ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ የኋለኛው ባለበት ፍጥነት ብቻ ያልፈዋል።

የማርሹ ለውጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአዲሱ የኋላ ማርሽ ከ11–28 (ትንሹ 11፣ ትልቁ 28 ጥርስ) ወደ 11–34 ሲቀየር፣ የኋላው ማርሽ ቀያሪ መያዝ ያለበት የጥርስ ልዩነት ከፊት 16፣ ከኋላ 23፣ በድምሩ 39 ይሆናል። አጭር ክንድ ያለው ቀያሪ ይህን አይችልም፤ ባለ ረጅም ክንድ ተገዛ። የድሮው ሰንሰለትም ለ28 ጥርስ ተለክቶ የተቆረጠ ስለሆነ አጭር ነበር። አዲሱ ሰንሰለት የተለካው ቀያሪውን ሳይጨምር በ50 የፊት ጥርስና በ34 የኋላ ጥርስ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጫፎቹ ከተገናኙበት ላይ ሁለት ዓይን ተጨምሮ ነው። ይህ ካልተደረገ አንድ ቀን ዳገት ላይ በስህተት ትልቁ ከትልቁ ሲገባ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ቀያሪውን ከመስቀያው ይገነጥለዋል። ከተገጠመ በኋላ ብስክሌቱ ተሰቅሎ ሁሉም ማርሽ በእጅ ተዞረ፤ 50 ከ34 ላይ የቀያሪው ክንድ ወደፊት ተስቦ ግን ትንሽ መታጠፊያ ቀርቶት ቆመ፤ 34 ከ11 ላይም ሰንሰለቱ አልረገበም።